የእናቴ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከአራት ወር በኋላ

ዕቃዋን የገዛኋት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ነው፣ ሬድዮና ቻርጀር ምናምን ከሚሸጡት ሱቆች ከአንዱ፣ 2,300 ብሎኝ በ1,900 ብር ተስማማን። መጠኗ ሳሙና ታክላለች፣ ጀርባዋ ላይ ሶላር አላት፣ ሚሞሪ ካርዷ ላይ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ተነቦ ተጭኗል፣ ትርጉሙ የ1954ቱ ነው። ለእናቴ ነው የገዛሁት፣ ዓይኗን ሞራ ጋርዷታል። በፊት ስልኳ ላይ አፕ ጭኜላት ነበር፣ ግን ሰው በደወለ ቁጥር ንባቡ ይቋረጥና እዛው ይቀራል፣ እሷ ደግሞ መልሳ አታገኘውም።

ድምፁ ሀሪፍ ነው አቦ። ሳቢያን ሰፈር ግቢያችን ውስጥ በር ላይ ባጃጅ እያለፈ እንኳን ቃሉ አይጠፋም፣ መጨረሻ ድረስ ከፍ ካደረጋችሁት ግን ይሻክራል። ሶላሩን በተመለከተ፣ የድሬ ፀሐይ እያለ ምን ችግር አለ ብዬ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጥኳት፣ ስመለስ እንደ ምጣድ ግላ አልነሳ አለች፣ ማታ ከቀዘቀዘች በኋላ ነው የነቃችው። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት አስሞልታችሁ ወደ ጥላ መልሷት።

ትልቁ ጣጣ የምትጫኑት በተን (ቁልፍ) ነው። ስክሪን የላትም፣ አንድ ጊዜ ስትጫኑ አንድ ምዕራፍ ትዘላለች፣ በቃ። ሮሜ መጨረሻ ላይ ሆኜ ገላትያን ፈልጌ ሁለቱን ቆሮንቶሶች 29 ምዕራፍ አንድ በአንድ ዘለልኩ፣ አውራ ጣቴ ደነዘዘ። ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ከከተታችሁ ደግሞ ከዘፍጥረት 1 ትጀምራለች። አናደደኝ፣ ግን እውነቱን ለመናገር የጠቀመን ይሄው ጉድለቷ ነው።

እናቴ ጉልበቷ ሳይያዝ በፊት ቤተ ክርስቲያን ስታገለግል ነው የኖረችው፣ ወንበር ትወለውላለች፣ ለቀስተኛ ቡና ታፈላለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሽተኛ ትጠይቃለች። አሁን ቤት ቁጭ ብላ "ዘንድሮ እኮ ለጌታ ምንም አልሠራሁለትም" ትላለች፣ በሳምንት ሦስት አራቴ። ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል የሚለውን ኤፌሶን 2ን በቃሏ ነው የምታውቀው፣ እኛንም ያስጠናችን እሷ ናት፣ ለሌላ ሰው ሲሆን አሳምራ ታስረዳለች፣ ለራሷ ሲሆን ግን ሒሳብ ትሠራለች።

እና መዝለል ስለሚያስቸግር ከዘፍጥረት 12 ጀምሬ ዝም ብዬ ለቀቅኩላት፣ ማታ ማታ። እኔ ሳነብ ቁራጭ ቁራጭ ስለማነብ አስተውዬው አላውቅም፣ በተከታታይ ሲሰማ ግን የአብራም ዕድሜ ይመጣል። አብራም ሲጠራ 75 ዓመቱ፣ እስማኤል ሲወለድ 86፣ ሲገረዝ 99፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100። እናቴ በጣቷ ቆጥራ "ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ!" አለች። በመሀል ሰውየው ግብፅ ወርዶ ሚስቱን እህቴ ናት ብሏል፣ ቃሉ ሲዘገይበት በአጋር በኩል ለእግዚአብሔር ሊያግዝ ሞክሯል፣ ማለቴ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም።

ምዕራፍ 15 የደረስን ቀን እናቴ ፍራሿ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ አንባቢው ፀሐይ ገብታ በአብራምም ከባድ እንቅልፍ እንደወደቀበት ያነባል። እንስሳቱ ለሁለት ተከፍለዋል፣ በዛ ዘመን ቃል ኪዳን የሚጋቡ ሰዎች በመሀሉ ያልፉ ነበር፣ ኤርምያስ 34 ላይም አለ። እዚህ ግን ያለፈው የምድጃ ጢስና የእሳት ነበልባል ብቻ ነው፣ ማለትም እግዚአብሔር ብቻውን፣ አብራም አላለፈም፣ ተኝቷል። ሳላጠፋው ቁጭ አልኩ። ጠዋት ስነግራት ሳቀች፣ "ታዲያ እኔስ ተኝቼ የለ?" አለችኝ።

ጎረቤታችን ይሄን ቡና ላይ ስትሰማ አልተዋጠላትም፣ "የያዕቆብ መልእክት ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ይላል እኮ" አለች። ትክክል ናት፣ ይላል። እናቴ ግን ያኔ ቅደም ተከተሉ ገብቷታል፣ ያዕቆብ የሚያወራው ይስሐቅ መሠዊያ ላይ ስለወጣበት ቀን ነው፣ ያ ዘፍጥረት 22 ነው፣ አብራም አመነና ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት የተባለው ደግሞ 15 ላይ ነው፣ ልጁ ገና ሳይወለድ። ተራራው ላይ የወጣው ቀድሞ ስላመነ ነው። ጳውሎስም ሮሜ 4 ላይ የሚከራከረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፣ የተቆጠረለት ሳይገረዝ በፊት ነው ይላል፣ ገላትያ 3 ላይ ደግሞ ሕጉ የመጣው ከ430 ዓመት በኋላ ስለሆነ ተስፋውን ሊሽር አይችልም ይላል። ጎረቤታችን ሰምታ ሰምታ "ብቻ አንቺ ጉልበትሽን ታከሚ" ብላ ተነሳች፣ በሩ ላይ ግን ለእሁድ መዝሙረ ዳዊት እንድትሰማባት አዋሱኝ አለች። ወሰደቻት፣ በሰላም መለሰች፣ 50 በመቶ ባትሪ ጨርሳ።

ሱቁን በተመለከተ አልመክርም፣ ስሙን ግን አልጠራም። ሻጩ በአፉ የአንድ ዓመት ጋራንቲ ሰጥቶኝ ነበር፣ በሁለተኛው ወር የቻርጀር መሰኪያዋ ላላና ስወስድለት "ነገ ና"፣ ስሄድ "አስመጪው ይምጣ"፣ ደረሰኝ የለኝም ጥፋቱ የኔ ነው። መጨረሻ ላይ ሞባይል ጥገና ቤት 150 ብር ከፍዬ አስበየድኩት። እናቴ "ይሄን ሰውዬ ነው ያመንከው?" ብላ ቀለደችብኝ። በደንብ ነበር ያመንኩት እኮ፣ አንድ ጥርጣሬ አልነበረኝም፣ የኔ እምነት ጠንካራ መሆኑ መሰኪያውን አላጠበቀውም። ሮሜ 4 አብርሃም አጥብቆ ተረዳ ሲል የተረዳው ተስፋ የሰጠው ሊፈጽም እንደሚችል ነው፣ ነገሩ ያለው ሰጪው ላይ ነው፣ ይሄ ለኔ የገባኝ በ150 ብር ነው።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣታለሁ። ዓይን ለደከመው ሰው ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ መሰኪያውን እዛው እያነቃነቃችሁ ፈትሹ፣ ከተቻለ ስክሪን ያላትን ፈልጉ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ሉቃስ እየሰማች ድንገት "ዘንድሮ እኮ ለጌታ ምንም አልሠራሁለትም" አለች። ምንም አልመለስኩላትም። ካርዱን አውጥቼ መልሼ ከተትኩና 14 ጊዜ ተጫንኩ።