«ጨረር ተከላካይ» የተባለው መነጽር የትኛውን ጨረር ይከላከላል?

በቀን ከስምንት ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ የማርም በመሆኔ፣ ማሸጊያው ላይ በትልልቅ ፊደል «ጨረር ተከላካይ» ተብሎ የተጻፈበትን መነጽር በበይነ መረብ አዝዤ ሦስት ወር ያህል ተጠቅሜበታለሁ። ቁጥር የሌለው፣ ሌንሱ ጥርት ያለ፣ በብርሃን ፊት ሲያዘነብሉት ብቻ ሰማያዊ ወዝ የሚያሳይ መነጽር ነው። ፍሬሙ ቀላል ስለሆነ አፍንጫ ላይ አይከብድም፣ ብሎኖቹም እስከ ዛሬ አልላሉም፤ የጣት አሻራ ቶሎ መያዙ ግን ያሰለቻል። በዕቃነቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ቀሪው አስተያየቴ ስለ አንድ ቃል ነው፤ መነጽሩ የተሸጠልኝ በቃሉ ነውና።

ከመነጽሩ ጋር የመጣው ወረቀት «ከፀሐይ፣ ከኮምፒውተር፣ ከስልክና ከማንኛውም ጨረር ዓይንዎን ይጠብቃል» ይላል። «ማንኛውም» የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ምናልባት ወረቀቱን ሳላነብ እጥለው ነበር። በአማርኛ «ጨረር» ስንል በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ውስጥ እንከታለን። ማለዳ በመስኮት የሚገባው የፀሐይ ጨረር ደስ የሚል ነገር ነው፤ እንዲያውም ዘመዱ «ጮራ» ወደ ተስፋ ተሻግሮ «የተስፋ ጮራ» እስከ መባል ደርሷል። በሌላ በኩል «ጨረር ወሰደች» ሲባል የምንሰማው የካንሰር ሕክምና ነው፤ ድምፃችንም ዝቅ ይላል። የሚገርመኝ ደግሞ ሆስፒታል ገብተን የምንነሳው ራጅ ነው። ራጅ እንደ ፎቶ «እንነሳለን» እንጂ ጨረር «ወሰድን» አንልም፤ ነገር ግን በሰውነታችን ውስጥ የሚያልፈው በትክክል ጨረር ነው። የሙያ ጽሑፎች አንዳንዴ «ጨረራ» የሚለውን መልክ የሚመርጡት፣ ይህን ዓይነቱን ከፀሐይ ጮራ ለመለየት በማሰብ ይመስለኛል፤ ማሸጊያ ላይ ግን ይህ ልዩነት ደርሶ አያውቅም።

ቃሉ እንዲህ የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ሰፍቷል። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጨረር ማለት የሚታይ ብርሃን ነበር። በ1800 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዊልያም ኸርሼል ፕሪዝም በተባለ ባለሦስት ማዕዘን መስታወት የተበተነውን የፀሐይ ብርሃን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ባሻገር ምንም በማይታይበት ቦታ ሙቀቱ ጨምሮ አገኘው፤ ይህም ኢንፍራሬድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዮሐን ሪተር በሌላኛው ጫፍ፣ ከሐምራዊው ባሻገር፣ የብር ጨውን ከሌሎቹ ቀለሞች ሁሉ ቀድሞ የሚያጠቁር የማይታይ ነገር አገኘ፤ እሱ ደግሞ አልትራቫዮሌት ነው። በኅዳር 1895 ቪልሄልም ሮንትገን ምንነቱን ባለማወቁ «ኤክስ» ብሎ የሰየመውን፣ ዛሬ ራጅ የምንነሳበትን ጨረር አየ፤ በዓመቱ ሄንሪ ቤክሬል ከዩራኒየም የሚወጣውን አስተዋለ። አልፋና ቤታ የሚባሉት እንደ ዩራኒየም ካሉ ንጥረ ነገሮች የሚወጡ ጨረሮች እንዲያውም ብርሃን አይደሉም፤ የቁስ ቅንጣቶች ናቸው። አንድ መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው አንድ ቃል ሙቀትን፣ ብርሃንን፣ አጥንት የሚያሳየውን ሞገድና ቅንጣትን ሁሉ ተሸከመ።

ይህ ለቋንቋ ወዳጅ ብቻ የሚሆን ወግ አይደለም። መነጽሩ በደረሰ ሳምንት እናቴ ለደረት ራጅ ቀጠሮ ነበራት፤ ወረቀቱን አንብባ «ልጄ፣ ራጅ ልነሳ ስሄድ ይህን ላድርገው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ፍጹም ትክክለኛ ነበር፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። የሰማያዊ ብርሃን አንድ ቅንጣት የሚይዘው ጉልበት፣ ኤሌክትሮን ቮልት በሚባለው መለኪያ፣ 2.8 ገደማ ሲሆን፣ ለሕክምና ራጅ የሚውለው ጨረር ቅንጣት ግን በአሥር ሺዎች ኤሌክትሮን ቮልት የሚቆጠር ጉልበት አለው። ከአተም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አተም) መፍጠር የሚችለው፣ በዚህም ሕዋስን ሊጎዳ የሚችለው፣ ይህ ሁለተኛው ነው። እሱን የሚገታው የእርሳስ ብረት ነው፤ የራጅ ባለሙያዎች የሚለብሱት ከባድ ሽርጥ እርሳስ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፣ ልብን በራጅ እየተመለከቱ የሚያክሙ ሐኪሞች የሚያደርጉት መነጽርም ሌንሱ ውስጥ እርሳስ ስላለበት ክብደቱ በእጅ ይታወቃል። የእኔ መነጽር ከተራ ፕላስቲክ የተሠራና እንደ ላባ የቀለለ ነው። ለእናቴ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ለአንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው መጠን አነስተኛ መሆኑንም ጨምሬ።

መነጽሩ በእውነት የሚሠራው ሥራ አለ፤ እሱን በደንብ ፈትሼዋለሁ። ሌንሱ ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ዩቪ 400» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ነበር፤ ትርጉሙ የሞገድ ርዝመቱ እስከ 400 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው) የሆነውን አልትራቫዮሌት ያስቀራል ማለት ነው። 365 ናኖ ሜትር የሚያወጣ የእጅ ባትሪ አገኘሁና ክፍሉን አጨልሜ ነጭ የማተሚያ ወረቀት ላይ አበራሁት። ነጭ ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል ስላለበት በዚህ ብርሃን ሥር ወደ ሰማያዊ ያደላ ድምቀት ይሰጣል። በባትሪውና በወረቀቱ መካከል ስስ ላስቲክ ባደርግ ድምቀቱ ብዙም አልተለወጠም፤ መነጽሩን ባደርግ ግን ወረቀቱ ላይ የሌንሱ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጥላ ወደቀ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ዓይን ፊት ጥርት ያለ ውሃ የሚመስለው ሌንስ፣ ለአልትራቫዮሌት ግድግዳ ነው። ይህን ማየት አስደስቶኛል፤ ሻጩም በዚህ ረገድ አላታለለኝም።

የዚህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ወደ ምድር ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት አብዛኛው ከ315 እስከ 400 ናኖ ሜትር ያለው «ኤ» የሚባለው ክፍል ነው፤ ከ280 እስከ 315 ያለው «ቢ» በከፊል ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ያለውን «ሲ» የኦዞን ንጣፍ ያስቀረዋል። ለዓመታት የተጠራቀመ አልትራቫዮሌት ለዓይን ሞራ ግርዶሽ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ እንደሆነ የዓይን ሐኪሞች ይናገራሉ። ብዙ ሰው ደግሞ የሌንስ ጥቁረት መከላከያ ይመስለዋል። ጥቁረትና አልትራቫዮሌት ማስቀረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እንዲያውም ማጣሪያ የሌለው ጥቁር መነጽር ብሌንን አስፍቶ ጨረሩ እንዲገባ በሩን ይበልጥ ሊከፍት ይችላል። የእኔው ጥርት ያለ መነጽር ከእንዲህ ዓይነቱ ጥቁር መነጽር ይሻላል፤ ነገር ግን የብርሃንን ብዛት ስለማይቀንስ ብርቱ ፀሐይ ላይ ዓይን መጨፈኑ አይቀርም፣ በጎን በኩልም ክፍት ነው። የፀሐይ ግርዶሽን ለማየት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ለዚያ ራሱን የቻለ፣ አይኤስኦ 12312-2 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የተሠራ፣ ከፀሐይ ሌላ ምንም የማያሳይ ማጣሪያ ያስፈልጋል። «ማንኛውም ጨረር» የሚለውን አምኖ ቀና የሚል ሰው እንዳይኖር ስለምሰጋ ይህን አጽንዖት ሰጥቼ እጽፈዋለሁ።

አሁን ወደተገዛበት ጉዳይ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። ከመነጽሩ ጋር ትንሽ እስክሪብቶ የሚመስል መብራትና ነጭ ካርድ መጥተው ነበር። መብራቱን በቀጥታ ካርዱ ላይ ሲያበሩት ካርዱ ወዲያው ሐምራዊ ነጥብ ያወጣል፤ በመነጽሩ በኩል ሲያበሩት ምንም አይወጣም። ወረቀቱ «የኮምፒውተርዎ ሰማያዊ ጨረር እንዴት እንደሚገታ በዓይንዎ ይመልከቱ» ይላል። ሙከራውን ያየ ሁሉ ያምናል፤ እኔም ለሁለት ቀን አምኜ ነበር። መብራቱን አገላብጬ ሳየው ግን ጎኑ ላይ «405» የሚል ቁጥር አለ። 405 ናኖ ሜትር ሐምራዊ ነው፣ ለአልትራቫዮሌት ድንበር የተጠጋ። የኤልኢዲ ስክሪን ሰማያዊ ብርሃን የሚበረታው 450 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ መብራቱ የተመረጠው መነጽሩ የሚያስቀረውን እንዲሆን እንጂ ስክሪኑ የሚያወጣውን እንዲሆን አይደለም። አሮጌ ሲዲ ወስጄ የስክሪኑን ነጭ ብርሃን ቀለም በቀለም በተንኩትና አንዴ በባዶ ዓይን፣ አንዴ በመነጽሩ በኩል ተመለከትኩት። የሐምራዊው ጫፍ ጥቂት ደብዘዝ አለ፤ ሰማያዊው ግን እንዳለ ነው። ያ በሌንሱ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ወዝ ከሰማያዊው ጥቂቱ ተንጸባርቆ መመለሱን ያሳያል፤ አብዛኛው ግን ያልፋል። በዚህ ላይ ሻጩን ልወቅሰው ይገባል፤ ሙከራው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ከእሱ የተወሰደው መደምደሚያ ሐሰት ነው።

ሰማያዊውን ሙሉ በሙሉ ቢያስቀር ኖሮስ? ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ከቤት ውጭ ከሰማይ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሥራ ሰባት ሙከራዎችን አገናዝቦ፣ እንዲህ ያሉ መነጽሮች በኮምፒውተር ሥራ የሚመጣውን የዓይን ድካም ከተራ ሌንስ በተሻለ ሁኔታ ላይቀንሱ እንደሚችሉ ገልጿል። የእኔም ልምድ ከዚህ አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዓይኔ እፎይ ያለ መስሎኝ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ግን ፊደሉን አተልቄ፣ በየሃያው ደቂቃ ሩቅ መመልከት ጀምሬ ነበር። ከዚያ መነጽሩን አውልቄ ልማዱን ብቻ ይዤ ሁለት ሳምንት ሠራሁ፤ ልዩነት አላየሁም። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግብበት ጊዜ በእጅጉ ስለሚቀንስ የዓይን ወለል ይደርቃል፤ የሚያሳክከውና የሚያቃጥለው በአብዛኛው ይህ ነው፣ ለድርቀት ደግሞ ማጣሪያ መፍትሔ አይሆንም። ለእንቅልፍ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ዓይናችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን ለአንጎል የሚያሳውቁ ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት 480 ናኖ ሜትር አካባቢ ባለው ብርሃን ነው። ያንን ግን ይህ ጥርት ያለ ሌንስ አይነካውም፤ የስክሪኑን ብርሃን ማታ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

«የኮምፒውተር ጨረር» የሚለው ስጋት ከየት እንደመጣ ማሰብም ፍርዴን አለስልሶታል። የድሮዎቹ ጀርባቸው ወፍራም የሆኑ ቴሌቪዥኖችና ኮምፒውተሮች ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮን በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚወረውሩ በውስጣቸው ጥቂት የራጅ ጨረር ይፈጠር ነበር፤ የቱቦው መስታወት እርሳስ የተቀላቀለበት ያንን ለማስቀረት ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን እንዲህ ያለ ቱቦ የለውም። ዕቃው ተለውጧል፤ ቃሉና ፍርሃቱ ግን ከእናት ወደ ልጅ ተላልፈው ቀርተዋል። የስልኩ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር የሚለካ፣ ግድግዳ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ስስ ፕላስቲክ ምንም አያደርገውም።

ስለዚህ ቁጥር የሌለው፣ ውጭ ሲወጡ ከአልትራቫዮሌት የሚከልል ቀላል መነጽር ለሚፈልግ ሰው ይህን ዕቃ ሳልሳቀቅ እመክራለሁ፤ በብስክሌት ስሄድ ከአቧራም ስለሚያድነኝ እኔ አሁን የምጠቀምበት ለዚሁ ነው። ለኮምፒውተር ሥራ ብሎ የሚገዛው ካለ ገንዘቡን ይያዝ።

ለሻጩ ይህንኑ በዝርዝር ጽፌለት «ጨረር» የሚለውን «አልትራቫዮሌት» በሚለው እንዲተካ ጠይቄው ነበር። በአክብሮት መልሶልኛል፤ ገዢዎች የሚፈልጉት «ጨረር» ብለው ስለሆነ ቃሉን ማውጣት እንደማይችል ነገረኝ። እኔም ቃሉ ይቆይ፣ ከፊቱ ግን «እስከ 400 ናኖ ሜትር ያለውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት» የሚል ይጨመርበት፣ «ማንኛውም» የሚለውም ይውጣ ብዬ መልሼ ጻፍኩለት። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ማሸጊያው እንደነበረ ነው፤ «405» የሚለው መብራትም አብሮ መላኩን ቀጥሏል።