ወገብ ለሚያማችሁ የሐዋሳ ሰዎች አንዲት አሰልጣኝ ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። የማመሰግናት ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ትንሽ የስፖርት ቤት ከፍታ የምታሠራ ወጣት አሰልጣኝ ናት፤ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀች የሐዋሳ ልጅ። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ።

እኔ ገበያ አካባቢ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ፤ ዕድሜዬ 51 ነው። የዚህን ሥራ ጠባይ የሠራበት ያውቀዋል። የ50 ኪሎ ስኳር ጆንያ፣ የ20 ሊትር ዘይት ጀሪካን፣ የለስላሳ ሳጥን፣ የሳሙና ካርቶን፤ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ከራስ በላይ ይሰቀላል። ሸክም የሚያወርዱ ልጆች ቢኖሩም ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ልጅ ፍለጋ አይወጣም። ወገቤ በግራ በኩል ወደ ታች ይይዘኝ ነበር፤ ማታ ማታ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አልጋው ላይ በጀርባዬ መጋደም ነበረብኝ።

እሷን ከማግኘቴ በፊት ከተማችን ካሉት ጂሞች በአንዱ ለወራት ተመላልሻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። እዚያ ሁሉም በማሽን ነው። ተቀምጦ በእግር መግፋት፣ ከላይ ብረት ስቦ ማውረድ፣ በደረት ወደፊት መግፋት፣ ጨርሶ ወደ ቤት። ቁጥሩ አላደገም አልልም። እግሬ የሚገፋው ክብደት ስጀምር ከነበረው እጥፍ ደርሶ ነበር። ሱቅ ስመለስ ግን ያው ጀሪካን፣ ያው ወገብ። ለሚያሠራኝ ልጅ ስነግረው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ክብደት እንጨምር።»

የአሁኗ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ምንም አላሠራችኝም። ቁጭ አድርጋ ጠየቀችኝ። እግሬ ይደነዝዛል? ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰኛል? ሽንቴን መቆጣጠር ያስቸግረኛል? ያለምክንያት ከስቻለሁ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ጉዳዩ የሐኪም እንጂ የስፖርት አይደለም አለችኝ። የለም ብላትም «ለማንኛውም ይታዩና ይምጡ» ብላ መለሰችኝ። ገንዘብ ይዞ የመጣን ደንበኛ ወደ ሌላ በር የሚልክ ሰው ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ሐኪሙ መርምሮ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ፣ ከመተኛትም መንቀሳቀስ እንደሚሻለኝ ነገረኝ። ለአብዛኛው የወገብ ሕመም ረጅም የአልጋ ዕረፍት እንደማይመከር የሰማሁት ያኔ ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ግን «ተኚ፣ ተኚ» ሲለኝ ነበር የከረመው።

ከዚያ ሱቄ መጣች። ዕቃ ልትገዛ መስሎኝ ነበር። ባንኮኒው ጥግ ቆማ ስሠራ አየችኝና በስልኳ ቀርጻ አሳየችኝ። ጀሪካኑን ከወለል ሳነሳ ጉልበቴ አይታጠፍም፣ ጀርባዬ እንደ ቅስት ይጎብጣል። ይባስ ብሎ እግሬ እንደተተከለ ከወገቤ በላይ ብቻ ተጠማዝዤ ጀሪካኑን መደርደሪያው ላይ እሰቅላለሁ። «እትዬ» አለችኝ፣ «ማሽኑ ላይ ተቀምጠው ሲገፉ ጀርባዎን ወንበሩ ይደግፍልዎታል። እዚህ ማን ይደግፍልዎታል?»

ሥልጠናው የተጀመረው በመጥረጊያ እንጨት ነው። እንጨቱ ጀርባዬ ላይ በቁመቱ ይያዛል፤ የራስ ቅሌን፣ የትከሻዬን መካከልና የጭራ አጥንቴን መንካት አለበት። ከዚያ ጉልበቴን ለቀቅ አድርጌ፣ መቀመጫዬን ወደ ኋላ እየገፋሁ ከዳሌዬ ማጎንበስ። ከሦስቱ አንዱ ከእንጨቱ ከተላቀቀ ጀርባዬ ጎብጧል ማለት ነውና እንደ አዲስ ይጀመራል። ቀላል የሚመስለው ሰው ቤቱ ይሞክረው።

እንጨቱን ስለማመድ ቢጫዋ ጀሪካን መጣች። ባለ 20 ሊትር ናት፤ ጎኗ ላይ በየአምስት ሊትሩ በማርከር ተሰምሮባታል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም። ከታችኛው መስመር ጀመርኩ። አነሳሴ ሳይበላሽ አሥር ጊዜ ማንሳት ስችል ውኃ ይጨመራል፣ አነሳሴ ከተበላሸ ይቀነሳል። በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ከኪሎው በላይ ያስቸግራል፤ ውኃው ወዲያ ወዲህ ሲናጥ ሆድና ጎን እሱን ለማርጋት ይወጠራሉ። ጀሪካኑን በአንድ እጅ ብቻ ይዞ ሳይዘነበሉ መራመድም አለ። በማግስቱ የሚሰማችሁ ጀሪካኑን የያዘው ጎን ሳይሆን ባዶው ጎን ነው፤ ሰውነቱን አቅንቶ የያዘው እሱ ነበርና። ከቡና በርጩማ እጅ ሳይደገፉ መነሳትም ከዕለቱ ሥራ አንዱ ነው፤ ሲለምዱት በርጩማው ዝቅ ባለ ይተካል። በአንድ እግር መቆሙ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ዘንድ ዓሣ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች ከእኔ በእጅጉ ይሻላሉ።

እንዲህ ዓይነቱን ሥልጠና ወጣቶቹ ፈንክሽናል ይሉታል፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ራሱን ማሠልጠን ነው። የተለመደው የጂም ማሽን ሥልጠና ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተወሰኑ ጡንቻዎችን ለይቶ በተወሰነ መስመር ያሠራል። ክብደትን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ግን የሁለቱም መሠረት ነው። አሰልጣኟ እንደነገረችኝ ይህን በሕክምና ሥርዓት ያስያዘው ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዱ ወታደሮችን ቀስ በቀስ በሚጨመር ከባድ ክብደት እያሠራ ጉልበታቸውን ይመልስላቸው ነበር፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1945 አሳትሟል። ዛሬ በየጂሙ የምናያቸውን ዓይነት ማሽኖች ያስፋፋው አርተር ጆንስ ኖቲለስ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው ከዚያ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ስለዚህ የማርከር መስመር ያለባት ጀሪካኔ የተናቀች ዕቃ አይደለችም።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው የሚሸጠውን ሲያሞግስ እጠራጠራለሁ። «ያንቺ መንገድ ከማሽኑ እንደሚሻል በምን ላውቅ?» አልኳት። ስልኳን አወጣችና አንድ ጥናት ተርጉማ አነበበችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ነው፤ ስፖርት ያልለመዱ 30 ሰዎች ለ16 ሳምንታት የተከታተሉት። ገሚሱ መስመሩ በተወሰነ ማሽን፣ ገሚሱ ወደፈለገበት አቅጣጫ በሚሄድ የገመድ መሣሪያ ሠራ፤ ምንም ያልሠሩም ለማነጻጸሪያ ነበሩ። ሁለቱም የሠሩት ቡድኖች ጠነከሩ። በገመዱ የሠሩት ግን ጉልበታቸው በማሽን ከሠሩት እጥፍ ገደማ አደገ፣ ሚዛን መጠበቃቸውም በብዙ በለጠ፣ የሰውነት ሕመማቸውም ቀነሰ።

ይህን ስሰማ ማሽኑን ሁሉ ልረግም አፌን ስከፍት ራሷ አቋረጠችኝ። 30 ሰው ጥቂት ነው አለችኝ፤ መሣሪያውም ገመድ እንጂ ጀሪካን አይደለም። ቀጥላ ሌላ አነበበች። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመዘነ ጽሑፍ ነው። በማሽንና በነጻ ክብደት (ያለማሽን በእጅ በሚነሳ ብረት) መካከል በጡንቻ ማደግ ልዩነት አላገኘም፤ በጉልበትም ቢሆን ሰው ይበልጥ የሚጠነክረው በሠለጠነበት መንገድ ሲለካ ነው። በማሽን የሠራ በማሽን፣ በነጻ ክብደት የሠራ በነጻ ክብደት። ለገበያዋ የማይመቸውን ወረቀት ማንም ሳይጠይቃት አውጥታ ያነበበችልኝ ራሷ ናት። ያመንኳት ያን ጊዜ ነው፤ ለእናንተ የምጠቁማትም ከወገቤ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። በጂሙ ለወራት ለፍቼ ወገቤ ያልተሻለበት እንቆቅልሽም በዚያው ተፈታልኝ፦ እግሬ ተቀምጦ መግፋትን ተማረ፣ ቆሞ ማንሳትን ማን አስተማረው?

ከዚህ የተነሳ ቤቷ ውስጥ ማሽንም አለ፣ ጀሪካንም አለ። ጉልበታቸው የተጎዳ አንድ ጡረተኛ መምህር አብረውን ይሠራሉ። እሳቸውን የጀመረችው ተቀምጦ በእግር በሚገፋው ማሽን ነው፤ እንዳይወድቁ ሳይሰጉ ክብደቱን በትንሽ በትንሹ መጨመር ይቻላላ። በርጩማው የመጣው በኋላ ነው። ደረቱን ማስፋት የፈለገ ወጣት ሲመጣም አትከራከረውም፤ የደረት መግፊያውን ታሳየዋለች። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትመጣ አንዲት ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ አጎንብሳ ነው የምትውለው። ለእሷ ላስቲክ በር ላይ አስራ ወደ ራስ መሳብን፣ ትከሻና ዳሌ ማፍታታትን አብዝታላታለች። ጀሪካን ማንሳትን ለእሷ መስጠት ምን ይረባታል?

ስንት ቀን መምጣት እንዳለብኝ ስጠይቃት ሳምንቱን ሙሉ ነይ ትለኛለች ብዬ ነበር። ሁለት ቀን አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም አዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። 65 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ ሚዛንን የሚያሠለጥን ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይጨምርላቸዋል፤ መውደቅ በዚያ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለምና። መምህሩ በዚህ ምክንያት ከእኛ አንድ ቀን ይበልጣሉ፤ ይህንንም እንደ ሹመት ነው የሚያወሩት።

ታዲያ ዳንኩ? ወገቤ አሁንም አልፎ አልፎ ይይዘኛል፤ በተለይ ዕቃ በብዛት በሚወርድበት ቀን። ነገር ግን ጫማዬን ቆሜ አወልቃለሁ፣ ሙሉ ጀሪካን አንስቼ ማታ በሰላም እተኛለሁ፣ መዞር ሲያስፈልገኝም በእግሬ ረግጬ እዞራለሁ። የ50 ኪሎ ጆንያውን ለብቻዬ አላነሳም። እሱን እንድታሠለጥነኝ ስጠይቃት «ለሁለት ሰው ሥራ ለምን ብቻዎን ይደክማሉ?» ብላ ዘጋችኝ። ዘይቱንም ከወለልና ከላይኛው መደርደሪያ አንስቼ በወገብ ከፍታ እንድደረድረው ያደረገችኝ እሷ ናት። ይህ ስፖርት ነው ወይ ብትሉ አይደለም፤ ከሥልጠናው ግማሽ ያህል ግን የጠቀመኝ ይመስለኛል።

የማይጥመኝን ደግሞ ልናገር። ቤቱ ጠባብ ነው፣ መታጠቢያ የለውም። ዋጋው ከተራ ጂም ከፍ ይላል፤ በአንድ ጊዜ የምታሠራው ጥቂት ሰው ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል፣ ኪሴ ግን አይገባውም። አርፍዶ የመጣን ሰው፣ እትዬም ይሁን ጋሼ፣ ትመልሳለች። ማሞካሸት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ጥሩ ስትሠሩ ዝም ትላለች። ቦርጭ በወር አጠፋለሁ አትልም፣ ዱቄትና ክኒን አትሸጥም። ቅዳሜ ጠዋት የሚችሉትን ይዛ ታቦር ተራራ ትወጣለች፤ እኔ ሱቅ ስለምከፍት አልሄድም፣ የሄዱት ግን ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ጭናቸውን እንደሚፈትን ይናገራሉ።

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ስምሽን አልጻፍኩም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ክፍል ሞልቷል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የሚጀምረው ላይ ቦታ አለ። ሕመም ያለባችሁ የሐኪም ወረቀታችሁን ያዙ። ሥራችሁን ስትጠይቃችሁ «ነጋዴ»፣ «ሹፌር» ብላችሁ አትለፉት፤ ምን እንደምታነሱ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቀመጡ፣ የቱ ጋ እንደሚያማችሁ ዘርዝሩላት። ጫማ ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ይሁን፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ አይገባም። ጀሪካን ይዛችሁ መምጣት አያስፈልግም፤ ከእኔ ሱቅ የወሰደቻቸው ባዶዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል።