ጅማ የሚሠሩትን የጤና ኮሜዲ ቪዲዮዎች አይቼ

እዚሁ ጅማ ያሉ ወጣቶች በስልክ እየቀረጹ የሚለቋቸውን የጤናና የቤተሰብ አስቂኝ ቪዲዮዎች ሰሞኑን አንድ በአንድ አየኋቸው። በጣም ነው የወደድኳቸው።

በተለይ ተቅማጥ ስለያዘው ሕፃን የሠሩትን። አያት «ውሃ እንዳታቀምሱት፣ ይብስበታል!» ትላለች፣ አባት ኦአርኤሱን (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በቡና ሲኒ ሊበጠብጥ ይታገላል፣ እናት ዝም ብላ ትገባና የአንድ ሊትሩን ሃይላንድ ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። አለቀ። አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። እህቴ ይሄን ካየች በኋላ ነው የትናንቱን ብጥብጥ ለልጇ መስጠት ያቆመችው። ደስ ያለኝ ደግሞ አያትየዋን አያዋርዷትም፤ መጨረሻ ላይ ማንኪያውን ይዛ የምታጠጣው እሷው ናት።

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚለውም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ረዘመ እንጂ።

ድምፁ ግን ይስተካከል! ሙዚቃው ንግግሩን ይውጠዋል፣ ዋናው ምክር ላይ ሲደርሱ ጭራሽ አይሰማም። ደግሞ ጅማ ላይ ሆኖ በአማርኛ ብቻ መሥራት ያሳዝናል። ገበያ ቅቤ የምትሸጠው እናትም እንድትስቅና እንድትማር በኦሮምኛም ሥሩልን፣ እባካችሁ።