በበጋ የሚሸጥ የጢስ ዓባይ ጉዞ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይም አረጋውያን ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። በበጋ ወራት «ሙሉ የጢስ ዓባይ ጉዞ» እያሉ የሚሸጡላችሁ ሰዎች የሚያሳዩት ፎቶ የክረምት መውጫ ፎቶ ነው። እኛ በየካቲት አጋማሽ ሄደን ያየነው ሌላ ነው።

እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ጢስ ዓባይን የሚያውቁት በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር። «በዓይኔ ሳላየው አልሙት» ሲሉ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲደርሰኝ ልቤ ሄደ። ለአንድ ሰው 3,500 ብር፤ መጓጓዣ፣ የመግቢያ ትኬት፣ አስጎብኚ፣ ጀልባና ምሳ ተካቷል ይላል። ፎቶው ላይ ውሃው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል።

ከመክፈሌ በፊት ሁለት ነገር ጠየቅሁ። በዚህ ወር ውሃ አለ ወይ? «እህቴ፣ እሁድ እሁድ ይለቀቃል፤ እኛም የምንወስዳችሁ እሁድ ነው» አሉኝ። እናቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የእግር መንገዱ ብዙ ነው ወይ? «መኪናው አጠገቡ ድረስ ይገባል።»

መኪና አጠገቡ ድረስ አይገባም። ከጢስ ዓባይ ከተማ ወደ ፏፏቴው የሚወስዱት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራውና ሰዉ የፖርቹጋሎች ድልድይ በሚለው በኩል አልፎ ዳገት ይወጣል። ሌላው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ የሚሄደው ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚሻለው ይኸኛው ነው። ሾፌሩ ግን «የጀልባ ሒሳብ አልተሰጠኝም» ብሎ በድልድዩ በኩል አወረደን። ትኬቱንም ራሳችን ቆረጥን፤ አስጎብኚም ራሳችን ቀጠርን። እናቴ ያንን ድንጋያማ ዳገት አንድ እጃቸውን በትከሻዬ፣ አንድ እጃቸውን በዘንግ ላይ አድርገው፣ በየጥቂት እርምጃው እያረፉ ወጡ።

ላይ ስንደርስ ፊት ለፊታችን የቆመው ጥቁር፣ ደረቅ ገደል ነው። በአንድ ጥጉ ብቻ ቀጭን ውሃ ድንጋዩን ታክኮ ይወርዳል። የሚጤስ ነገር የለም። የወፎቹ ድምፅ ከውሃው ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። እናቴ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ «ዋናው ወዲያ ማዶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የመለሰላቸው የቀጠርነው የአካባቢው ወጣት ነው። «እማማ፣ ዋናው ይኸው ነው። በመስከረም ቢመጡ ኖሮ ገና ሳያዩት ድምፁን ይሰሙት ነበር። በዚህ ወር ማን አመጣዎት?»

ወደ ድርጅቱ ደውዬ ገንዘቤን ስጠይቅ «የተፈጥሮ ነገር ነው፣ እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። የተፈጥሮ ነገር ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሰው ደግሞ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ከፏፏቴው በላይ ውሃው በቦይ ተጠልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይገባል፣ ተርባይኑን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ አነስተኛ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ተጨመረ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታም የውሃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ አለ። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርዳል። መብራቱ ለአገር ያስፈልጋል፣ እሱን አልቃወምም። የምቃወመው ይህን ሁሉ እያወቁ በየካቲት የመስከረምን ውሃ መሸጥን ነው።

ፏፏቴውንማ ማንም እንዳይንቀው። በሙላቱ ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፣ ጢሱም ስሙን ያወጣለት ነው። ለማየት የሚሻለው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

በሌላ ጊዜ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ፎቶ አትቀበሉ፤ በዚያው ሳምንት የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ወይም ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ አጣሩ። ተካቷል የተባለውን እያንዳንዱን ነገር በጽሑፍ አስልኩ፤ በየትኛው መንገድ እንደሚወስዷችሁም ይጻፍ። እኔ ስለ ውሃውና ስለ መንገዱ የተነጋገርኩት በስልክ ስለሆነ ዛሬ ለዚያ የማሳየው ማስረጃ የለኝም። ሙሉውን ክፍያ አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ግማሹን ደርሳችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ። ይህን የማይቀበል ድርጅት ካጋጠማችሁ ተዉት።

ለሁለታችን ከከፈልኩት 7,000 ብር እስካሁን አንድም ሳንቲም አልተመለሰልኝም። በመስከረም መጨረሻ እናቴን ራሴ እወስዳቸዋለሁ፣ በጀልባው በኩል።