ሞተሩ ሳይሞት ማሳከም ወይስ በዕድል መንዳት? የድሮ ፖርሽና ኤም 3 ለሚያማርጥ

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። እዚህ ቨርጂኒያ ሁለት መኪና አይቶ ልቡ ተከፍሏል። አንዱ የ2003 ፖርሽ 911 ነው፣ ሌላው የ2009 ቢኤምደብልዩ ኤም 3። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዕቁብ ወጥቶለታል፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። "የቱን ልግዛ?" አለኝ። "የየትኛውን ሞተር ሞት ትችለዋለህ?" አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

ሁለቱም መኪኖች የታወቀ ሕመም አላቸው። የፖርሹ አይኤምኤስ የሚባለው ኩሽኔታ ነው፣ የኤም 3ቱ ደግሞ የቢየላ ብሮንዚን። ሁለቱም በእጅ መዳፍ የሚያዙ ትንንሽ እቃዎች ናቸው፣ ሲበላሹ ግን ሞተሩን ይዘው ነው የሚሄዱት። ሁለቱንም አስቀድሞ መቀየር ይቻላል። ጭቅጭቁ ገና ላልተበላሸ ነገር ሺህ ዶላሮች ማውጣት ያዋጣል ወይ በሚለው ላይ ነው። እኔ የ2003 ፖርሽ ቦክስተር ኤስ ስላለኝ ለፖርሽ ትንሽ አደላለሁ፣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

መጀመሪያ ፖርሹ

ከ1997ቱ ቦክስተር ጀምሮ ፖርሽ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኤም96 የሚባል ሞተር አመጣ። 996 የምንለው 911ም ይህንኑ ይዞ መጣ። በዚህ ሞተር ውስጥ ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ካሞቹን (ቫልቭ የሚከፍቱትን ዘንጎች) በቀጥታ አያዞርም። መሀል ላይ አንድ ዘንግ አለ፣ አይኤምኤስ የሚባለው እሱ ነው፣ ኮሎው እሱን ያዞራል፣ እሱ ደግሞ በሰንሰለት ካሞቹን። የዘንጉ አንድ ጫፍ፣ በካምቢዮው በኩል ያለው፣ የተቀመጠው በኳስ ኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው ከነግሪሱ የታሸገ ነው። ዓመታት ሲያልፉ የጎማ ክዳኑ ይደርቃል፣ የሞተር ዘይት ሰርጎ ይገባል፣ ግሪሱን አጥቦ ያወጣዋል። የገባው ዘይት ደግሞ እዚያው ተኝቶ ያረጃል። ኳሶቹ መበላት ይጀምራሉ። ኩሽኔታው የተሰበረ ቀን ዘንጉ ይወላገዳል፣ ሰንሰለቱ ልኩን ይስታል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ ጋራዥ የሚደወለው ለመርዶ ነው።

ብዙ ሰው "አይኤምኤስ" ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል። ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ኳሱ በሁለት ረድፍ የተደረደረ ኩሽኔታ ነበራቸው። ከ2000 እና 2001 ገደማ ጀምሮ እስከ 2005 ያሉት ባለ አንድ ረድፍ ሆኑ፣ ደካማውም ይሄ ነው። በመሸጋገሪያው ዓመት የተሠራ መኪና የቱን እንደያዘ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው። ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ደግሞ ተለቅ ያለና ጠንካራ ኩሽኔታ አላቸው። ግን አንድ ጣጣ አለው፦ ከሚወጣበት ቀዳዳ ይበልጣል፣ ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈለ አይወጣም። ስለዚህ የ2006ቱን ካላችሁ ኩሽኔታውን እርሱት፣ ዘይት በወቅቱ ቀይሩና ንዱ። ሌላም አለ። ሞተሩ በዋስትና ጊዜ ተቀይሮ ከሆነ መኪናው ላይ ያለው ዓመትና ሞተሩ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ላይገናኙ ይችላሉ፣ የሞተሩን ቁጥር አስነብቡ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በአሜሪካ በፖርሽ ላይ የቀረበ የጋራ ክስ ነበር፣ ከ2001 እስከ 2005 ሞዴል ያሉትን የሚመለከት፣ በ2013 በስምምነት አለቀ። ከዚያ ክስ ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ቁጥር ባለ አንድ ረድፉ 8 በመቶ ገደማ፣ ባለ ሁለት ረድፉ ከ1 በመቶ በታች ይበላሻል የሚል ነው።

እስቲ በእጃችን እናስላው። ሞተር ሲሄድ ጥሩ ምትክ ከነሥራው 18,000 ዶላር ያስወጣል እንበል። የ8 በመቶው ስጋት በገንዘብ ሲተመን 1,440 ዶላር ነው። ካምቢዮ አውርዶ ኩሽኔታውን ብቻ ማስቀየር ደግሞ ከነእቃው እስከ 3,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ሒሳቡ ብቻ ከሆነ አያዋጣም! ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ የፖርሽ ሰዎች አሉ፣ ግን ሒሳቡ ይሄ ነው። ለባለ ሁለት ረድፉ ደግሞ ስጋቱ ሁለት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም።

ነገሩ የሚገለበጠው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ኩሽኔታው ያለው ከፍሪሲዮኑና ከቮላኖው ጀርባ ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው ወርዶ ከሆነ አብዛኛው የጉልበት ዋጋ ተከፍሏል፣ የሚቀረው እቃውና ትንሽ ተጨማሪ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ሳይቀይሩ መዝጋት ጥፋት ነው። የኔን መኪና ከእኔ በፊት የያዘው ሰው በ62,000 ማይል ፍሪሲዮን አስቀይሯል፣ ደረሰኙ አለኝ። ጋራዡ ኩሽኔታውን ፊት ለፊት እያየው መልሶ ዘግቶታል። አንድ ቃል አልነገሩትም፣ ወይም ነግረውት እምቢ ብሏል። ያንኑ በር ለማስከፈት እኔ እንደገና ከፈልኩ። ገና ያልጨረሰ ፍሪሲዮን አብሬ ቀየርኩ፣ ምን ላድርግ።

ምትኩም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ኳሱ ከሴራሚክ የተሠራ ኩሽኔታ ነው፣ ኤልኤን ኢንጂነሪንግ የሚያወጣው በጣም የታወቀው ነው። ከፋብሪካው ይሻላል፣ ግን እሱም በየተወሰነ ዓመትና ማይል እንዲቀየር ሠሪው ራሱ ያዛል። ሁለተኛው ኳሱን ጨርሶ አስወግዶ በሞተር ዘይት ግፊት የሚሠራ ልሙጥ ኩሽኔታ ያስገባል። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል፣ የመቀየሪያ ቀን ግን የለውም። ልብ በሉ፣ የዚያ ዘመን 911 ቱርቦና ጂቲ3 ሜትዝገር የሚባለውን ሌላ ሞተር ነው የያዙት፣ ዘንጉም በልሙጥ ኩሽኔታ ላይ ነው፣ ይህ በሽታ አያውቃቸውም። መኪናውን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚይዝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በሁለት ዓመት ለሚሸጥ ሴራሚኩ ይበቃል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። ከመቀየሩ በፊት የዘይት ፊልትሮው ተቀዶ ይታይ። የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም የጎማ ክዳን ቁራጭ ከተገኘ በሽታው ጀምሯል። ያ ብረት በዘይት ተሸክሞ ሞተሩን ዞሯል። ያን ጊዜ አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አዲሱም አብሮ ይበላል። ሞተሩ ወርዶ ይከፈታል፣ ካልሆነ መኪናው አይገዛም።

ስለ ኩሽኔታው ስናወራ የረሳነው

እውነት ለመናገር እኔ የ911 ገዢ ብሆን ከአይኤምኤስ ይልቅ የሚያስፈራኝ የሲሊንደር ግድግዳ መቧጨር ነው። በተለይ 3.6 ሊትሩ 996፣ የ997 (ከ996 ቀጥሎ የመጣው 911) መጀመሪያዎቹና የፖርሽ ካይማን ኤስ ላይ ይታያል። ፒስቶኑ ግድግዳውን ይፍቃል፣ ዘይት መብላት ይመጣል፣ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አንደኛው የማርሚታ ጫፍ ከሌላው ይበልጥ ይጠቁራል። ይህን እንደ ኩሽኔታው በአንድ ትንሽ እቃ መከላከል አይቻልም። መፍትሔው ሞተሩን አውርዶ ሲሊንደሮቹን እንደ አዲስ ማስለበስ ነው፣ ሒሳቡም ከመኪናው ዋጋ ሊቀራረብ ይችላል። የሚቻለው ሞተሩ ሳይሞቅ አለመርገጥ፣ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየርና ሲገዙ በካሜራ ሲሊንደሩን ማሳየት ነው። ሻጩ "አይኤምኤሱ ተቀይሯል" ብሎ በትልቁ ሲጽፍ ብዙ ሰው ልቡ ያርፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ኤም 3ቱስ?

ከ2008 እስከ 2013 የተሠራው ኤም 3 ባለ 4 ሊትር ቪ8 ነው፣ ሞተሩ ኤስ65 ይባላል። 414 የፈረስ ጉልበት፣ ከ8,000 በላይ የሚዞር። ድምፁን አንዴ የሰማ ሰው ሒሳብ ማስላት ያቆማል፣ ጓደኛዬም የታመመው በዚያ ነው።

በዚህ ሞተር ቢየላው (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ክንድ) ኮሎውን የሚይዘው በብሮንዚን ነው። ብሮንዚን ኳስ የለውም፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ነው የሚያድነው። በኤስ65 ላይ ለዘይቱ የተተወው ክፍተት ጠባብ ነው፣ የሚሞላው 10ደብልዩ-60 ደግሞ ወፍራም ዘይት ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሲረገጥ ዘይቱ እንደልቡ አይገባም፣ ብሮንዚኑ ይፋቃል። አልቆ ማንኳኳት ከጀመረ ሞተሩ ሄዷል በሉ። ከዚህ በፊት በነበረው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኢ46 ኤም 3 ላይ ቢኤምደብልዩ ራሱ መኪኖቹን ጠርቶ ብሮንዚን ቀይሮ ነበር። ለቪ8ቱ ግን እንዲህ ያለ ጥሪ አልመጣም፣ ወጪው በባለቤቱ ላይ ነው።

ከፖርሹ የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የፖርሹ ባለ አንድ ረድፍ ኩሽኔታ ዕጣ ነው፣ ከአሥራ ሁለት አንዱ ይወጣበታል፣ ሌሎቹ ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። የኤም 3ቱ ብሮንዚን ግን ልክ እንደ ፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ልዩነቱ በስንት ማይል የሚለው ላይ ብቻ ነው። በ60,000 ማይል የወጡትን አሮጌ ብሮንዚኖች ያየ ሰው፣ መዳባቸው ወጥቶ፣ ሌላ ክርክር አያነሳም። ስለዚህ ለኤም 3 ይህ ሥራ ማሻሻያ አይደለም፣ ሰርቪስ ነው። ሞተሩም አይወርድም፣ ከሥር የዘይት መያዣው ወርዶ ነው የሚቀየረው፣ ከ2,500 እስከ 3,500 ዶላር መያዝ ይበቃል። ምትክ ሞተር ደግሞ ከፖርሹ አይረክስም።

ማስጠንቀቂያውም ይሻላል። ሲቀየር ትንሽ ዘይት በጠርሙስ ወደ ላብራቶሪ ይላካል፣ ዋጋው አንድ ቤተሰብ ክትፎ ከሚበላበት ያንሳል። በዘይቱ ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ከፍ ካለ ብሮንዚኑ እየተበላ ነው። ግን ወደ 2011 ገደማ ቢኤምደብልዩ የብሮንዚኑን ቁስ ሊድ ወደሌለው ስለቀየረ፣ በኋለኞቹ መኪኖች ላይ ንጹሕ ወረቀት አያጽናናም። ለእነሱ ማይሉን ተከተሉ።

(ኮርቬት ዚ06 የምታዩ ካላችሁ፣ ከ2006 እስከ 2013 ባለው ላይ የቴስታታው የቫልቭ ጋይድ ይበላል። አስፈትሹ። እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።)

እንግዲህ ከዝንጀሮ ቆንጆ

ባለ ሁለት ረድፍ ቦክስተር ወይም 911 ካገኛችሁ፣ ፍሪሲዮኑ እስኪያልቅ ንዱት፣ ያኔ ቀይሩ። ባለ አንድ ረድፍ ከሆነና ፍሪሲዮኑ ወደ ማለቁ ከተጠጋ ዛሬውኑ ቀይሩ። ፍሪሲዮኑ አዲስ ከሆነስ? እኔ ለእንቅልፌ ስል ቀይሬያለሁ፣ ግን መጠበቅን የሚመርጥ ሰው ሞኝ አይደለም፣ ፊልትሮ እየቀደደ ማየቱን እስካልተወ ድረስ። ጭራሽ ማሰብ የማይፈልግ 2009ና ከዚያ ወዲህ ያለውን ፖርሽ ይፈልግ፣ በዚያ ሞተር ውስጥ ዘንጉም ኩሽኔታውም የሉም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከጥገናው ይበልጣል።

ኤም 3 ከሆነ ደረሰኝ ያለውን ግዙ። ደረሰኝ ማለት የጋራዡ ስም፣ ማይሉና የእቃው ቁጥር ያለበት ወረቀት ነው፣ "የቀድሞው ባለቤት አስቀይሯል ብሎኛል" አይደለም። ከሌለ የብሮንዚኑን ዋጋ ከመኪናው ቀንሱ።

ማይል አነሰ ብላችሁ ብቻ ወደ መኪናው አትሩጡ። ሃያ ዓመት ጋራዥ ተኝቶ 30,000 ማይል ያለው ቦክስተር ያጓጓል፣ ግን ክዳኑ በዕድሜም ይደርቃል፣ የሚነዳና ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር መኪና ይሻላል። ለመካኒኩም እንዲህ ያለ ሥራ ስንቴ እንደሠራ ጠይቁት። ካሞቹን ሳያስር ኩሽኔታ የሚያወጣ ሰው በራሱ እጅ ያንኑ ሞተር ሊገድል ይችላል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ፖርሹን ተወው። ሲሊንደሩን በካሜራ ለማሳየት ሻጩ እምቢ ስላለው ነው፣ ለእኔ ይሄ በቂ መልስ ነው። ኤም 3ቱ 71,000 ማይል ነድቷል፣ ብሮንዚኑ የፋብሪካው ነው። ሻጩ 2,800 ዶላር ቀንሶለት ፈረመ። ማክሰኞ ጋራዥ ይገባል፣ እስከዚያ ድረስ ከ4,000 ዙር በላይ እንዳይረግጥ አስምየዋለሁ። የሚችል አይመስለኝም።