«ሙሉ ሴት» (የዕቃ ስብስብ) ተብሎ የተሸጠልኝ የኤምጂቢ ካርቡራተር፦ ከ8 ወር በኋላ

ሮንዴላዋ፣ ከዳዶ ሥር የምትገባው ክብ ብረት፣ አሁን እጄ ላይ ናት። አንዱ ጎኗ ተጭኖ አብረቅርቋል። ሌላው ጎኗ ምንም አልነካውም፣ ፋብሪካ እንደወጣ ነው። 8 ወር ሙሉ ያንገላታኝን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት።

መኪናዬ የ1977 ኤምጂቢ፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፣ እዚሁ ሜሪላንድ ነው የምነዳት። ድሮ እነዚህ መኪኖች በሁለት ኤስዩ ካርቡራተር ነበር የሚሠሩት። ከ1975 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚመጡት ላይ ግን አንድ ስትሮምበርግ ካርቡራተር ብቻ ተተከለ። የእሱ ማስገቢያና ማውጫ ማኒፎልድ (አየርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚያስገባውና ጭሱን የሚያወጣው ቧንቧ) አንድ ወጥ ብረት ነው። ሙቀት ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል፣ የኔም ተሰነጠቀ። ወደ ድሮው ልመልሳት ብዬ ሴቱን ገዛሁ፦ ሁለት የታደሱ ኤችኤስ 4 ካርቡራተሮች፣ የአሉሚኒየም ማስገቢያና አዲስ የማውጫ ማኒፎልድ። «ሁሉም እርስ በርሱ ይገጥማል፣ አስረህ መንዳት ነው» አሉኝ።

ታሰረ። ግን ሚኒሞ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር፣ አልይዝ አለች። መብራት ላይ ስቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ቤንዚን ካልሰጠኋት ትጠፋለች። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። የፊት ሁለቱ ቡናማ ናቸው፣ ደህና ነው። የኋላ ሁለቱ እንደ ጠመኔ ነጭ ናቸው። የኋላው ካርቡራተር የሚመግበው 3ኛና 4ኛ ሲሊንደርን ነው። ስለዚህ እዚያ ቤንዚኑ አንሷል፣ ወይም አየር በዝቷል።

ቤንዚኑ አንሶ ነው ብዬ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን የቤንዚን ማስተካከያ ዳዶ ትንሽ በትንሽ ፈታሁላት። ሚኒሞው ተሻለው። መንገድ ስወጣ ግን ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ! ለካ በማኒፎልድ በኩል የሚገባ የሌባ አየር የሚጎዳው ሚኒሞ ላይ ነው። ያኔ ቢራቢሮው (የካርቡራተሩ የአየር በር) ዝግ ስለሆነ ሞተሩ አጥብቆ ይስባል። ቢራቢሮው ሲከፈት ያቺ ቀዳዳ ኢምንት ትሆናለች፣ የጨመርኩት ቤንዚን ግን እዚያው አለ።

ሻጩ «ማስተካከል ስላልቻልክ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አይደለም፣ ወንድሜ። በቀጭን ጎማ ቱቦ የሁለቱንም ካርቡራተር ትንፋሽ በጆሮዬ እያዳመጥኩ እኩል አድርጌያለሁ። የካርቡራተሮቹን ፒስተኖች ዘይት ሞልቻለሁ። የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያስገባ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። በመጨረሻ የካርቡራተር ማጽጃ በማኒፎልዱ ዙሪያ ነፋሁ። የኋላው ጆሮ (ማኒፎልዱ የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ ስደርስ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። አየሩ የሚገባው በዚያ ነው ማለት ነው።

ኤምጂቢ ላይ ማስገቢያውና ማውጫው ጎን ለጎን ተሰካክተው ነው የሚቀመጡት። በመካከላቸው አራት ወፋፍራም ሮንዴላዎች አሉ። እያንዳንዷ በአንድ ጎኗ ማስገቢያውን፣ በሌላ ጎኗ ማውጫውን ትጫናለች። ስለዚህ የሁለቱ ጆሮ ውፍረት እኩል መሆን አለበት። በካሊፐር ስለካው ማውጫው በ1.5 ሚሊሜትር ይበልጣል። ሮንዴላዋ ማውጫው ላይ ተንጠልጥላ ማስገቢያውን በቅጡ አልነካችውም ማለት ነው። የማኒፎልዱን ዳዶ የፈለግኩትን ያህል ባጠብቀው ዋጋ አልነበረውም።

«ያረጀ መኪና ጣጣ አያጣውም» የሚል መልስ አልቀበልም። የ1977ቱ ሞተር ምንም አላጠፋም። የተሳሳተው ትናንት የተሠራው አዲሱ ብረት ነው። አንድ ላይ የሚሸጥ ሰው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ መለካት ነበረበት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የማውጫውን ጆሮዎች ማሽን ሾፕ ወስጄ አስላጥኳቸው። ዳዶዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። አሁን በደቂቃ በ800 ዙር ጸጥ ብላ ትቆማለች። አራቱም ካንዴላዎች አንድ ቀለም ናቸው። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስትጎትት ደስ ትላለች፣ ወደ አንድ ካርቡራተር የምመልሳት አይደለሁም። ኤስዩዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሴቱን ግን ከዚያ ቤት ደግሜ አልገዛም።

የማስላጫውን ሂሳብ እንዲመልሱልኝ ትናንት ጻፍኩላቸው። የሮንዴላዋንም ፎቶ አያይዤላቸዋለሁ፣ ሁለቱም ጎኗ በደንብ ይታያል።