ፊውዥንን ለሞልድ ፊኒሺንግ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበት ያየሁት

ሰላም፣ ሞልድ (የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ የሚይዝበት) የምትሰሩ ወይ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ላይ ያላችሁ ሰዎች ይሄን አንብቡልኝ፣ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ስንት ቀን ይተርፈኝ ነበር። የማወራው ስለ አውቶዴስክ ፊውዥን ነው፣ ሞዴል የሚሳልበትና ለማሽኑ ኮድ የሚያወጣ ሶፍትዌር፣ ድሮ ፊውዥን 360 ሲባል የነበረው፣ በፈረንጆቹ 2024 ነው 360ው ከስሙ የወጣው። የኔ ማሽን ባለ 3 አክሲስ ነው፣ ኮንትሮሉ (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) አሮጌ ፋኑክ፣ ፕሮግራም የሚቀበለው በአርኤስ 232፣ በድሮ የዳታ ገመድ እየተንጠባጠበ ነው። እዚህ አገር ብዙ ሾፕ እንዲህ አይነት ማሽን ስላለው ነው ይሄን ማስቀደሜ።

ዋናው ነገር ፊውዥን ክብ ገጽ ላይ ጥሩ ይሰራል፣ በጣም ጥሩ። ግን ስራው ተበላሽቶ ሲወጣ ጥፋቱ ሞዴሉ ላይ ነው፣ ካሙ (የመቁረጫውን መንገድ የሚያወጣው ክፍል) ላይ ነው ወይስ ማሽኑ ጋ የሚለውን ለይቶ የሚነግርህ የለም፣ እሱን ራስህ መፈለግ አለብህ።

እኔን ያስተማረኝ የሻምፑ ጠርሙስ ሞልድ ነው፣ አሉሚኒየም፣ ትከሻው ክብ ሆኖ ወደ አንገቱ የሚጠብ። በ6 ሚሊ ቦል ኖዝ (ጫፉ ክብ የሆነ መቁረጫ)፣ ስቴፕኦቨር (በመስመርና በመስመር መሀል ያለው ርቀት) 0.2 ሚሊ፣ ፓራለል (ጎን ለጎን በተደረደረ መስመር የሚሄድ) ሰጠሁት። በሂሳቡ በመስመርና በመስመር መሀል የሚቀረው ጉብታ ስቴፕኦቨሩ በራሱ ተባዝቶ ለራዲየሱ 8 እጥፍ ሲካፈል ነው፣ 0.04 ለ24፣ ወደ 0.0017 ሚሊ ማለት ነው፣ ምንም አይደለም። ስራው ሲወርድ ግን መስኮት ጋ ወስጄ ብርሃኑን በጎን ሳስመታው ትከሻው በቢላ እንደተላጠ ድንች ገጽ ገጽ ሆኗል። በጣት ብዙም አይታወቅም፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ደንበኛ ደግሞ የሚያየው ጠርሙሱን ነው።

መጀመሪያ ቱሉ ነው ብዬ አዲስ ካርባይድ ገዛሁ፣ ያው ነው። አንዱ የስፒንድልህ ቤሪንግ ነው አለኝ፣ እሱን ልፈታ ስል ነው ሲሙሌሽኑን ከፍቼ የቱልፓዙን (የመቁረጫውን መንገድ) ነጥቦች ያሳየኝ የሚለውን የነካሁት፣ እና እዛው ስክሪኑ ላይ አየሁት፣ ነጥቦቹ ተራርቀው በመሀላቸው ቀጥ ያለ መስመር ነው ያለው። ቶለራንሱ (መስመሩ ከትክክለኛው ቅርጽ ሊርቅ የሚችለው መጠን) 0.01 ሚሊ ላይ ነበር። ራዲየሱ 40 የሆነ ቦታ ላይ 0.01 ማለት ወደ 1.8 ሚሊ የሚረዝም ቀጥ ያለ መስመር ነው እኮ! ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሰራው። ለፊኒሺንግ 0.003 አደረኩት፣ ስሙዚንግ (መንገዱን ማለስለሻ) የሚለውንም አበራሁት፣ ገጹ ጠፋ። ቢቻል ሞዴሉንም በስቴፕ ፋይል (ክቡን እንደ ክብ የሚይዝ) ተቀበሉ፣ ኤስቲኤል (ሁሉን በትንንሽ ሦስት ማዕዘን የሚይዝ) ከሆነ ገጹ የሚመጣው ከሞዴሉ ከራሱ ነው፣ ቶለራንስ ብታጠቡም አይለቅም።

ይሄ ሲስተካከል ሌላ መጣ። ኦፕሬተሬ ደውሎ "ጋሼ ማሽኑ አንገቱ ጋ ሲደርስ እየተንተባተበ ነው" አለኝ፣ ሄጄ ስሰማው እውነቱን ነው፣ ሽው ብሎ ይሄድና ጠክ ጠክ፣ በቆመበት ሁሉ ነጠብጣብ ትቷል። ይሄንን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ9600 ባውድ (የገመዱ የዳታ ፍጥነት) በሰከንድ ወደ 960 ፊደል ነው የሚያልፈው፣ አንድ መስመር ኮድ ደግሞ 24 ፊደል ገደማ አለው፣ ስለዚ በሰከንድ 40 መስመር። አንገቱ ስር ያለው ትንሽ ራዲየስ ላይ አንዱ መስመር 0.15 ሚሊ ነው፣ በ40 ስታባዛው በሰከንድ 6 ሚሊ፣ በደቂቃ 360። እኔ ያዘዝኩት 1500 ነው! ማሽኑ ኮድ እየጠበቀ ነው የሚቆመው እንጂ ምንም አልሆነም። ባውዱን 19200 አደረኩት፣ እጥፍ ሆነ ግን አልበቃም። የፈታው ስሙዚንጉ ነው፣ ትንንሾቹን መስመሮች ሰብስቦ አርክ (ቅስት) ያደርጋቸዋል፣ ብዙ መስመር ወደ አንድ ይወርዳል። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፣ ፓራለሉን 45 ዲግሪ አዙሬ ስለነበር አርክ አላወጣም፣ ምክንያቱም ጂ18 እና ጂ19 (ወደ ላይና ወደ ታች ለሚሄድ አርክ የሚሆኑት ትዕዛዞች) የሚሰሩት ፓዙ በኤክስ ወይ በዋይ አቅጣጫ ሲሄድ ነው፣ ሰያፍ ለሆነ አርክ የለም። ወደ ኤክስ መለስኩት፣ ፋይሉም አነሰ ማሽኑም ዝም ብሎ ሄደ። አዲስ ኮንትሮል በትልቅ ሜሞሪ ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም።

ግድግዳው ጋ ደግሞ ፓራለል ብቻውን አይሆንም። 60 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 0.2 ያላችሁት በገጹ ላይ 0.4 ይሆናል፣ ጉብታው 4 እጥፍ ያድጋል። እኔ ስሎፑን ከ0 እስከ 45 ለፓራለል፣ ከ40 እስከ 90 ለኮንቱር (ግድግዳውን በየከፍታው እየዞረ የሚሄድ) እሰጣለሁ፣ 5 ዲግሪ እንዲደራረቡ ነው መጋጠሚያው ላይ መስመር እንዳይቀር። ሁለቱን በአንዴ የሚሰራው ስቲፕ ኤንድ ሻሎው አለ ግን ተጨማሪ የሚከፈልበት ኤክስቴንሽን ውስጥ ነው፣ እኔ የለኝም፣ አልቸገረኝም። ሌላው ኮንታክት ፖይንት ባውንደሪ (ወሰኑን ቦሉ በሚነካበት ነጥብ የምትይዝ) የምትለዋን አብሩ፣ አለበለዚያ ቦሉ ጠርዙን አልፎ ይንከባለልና ሁለቱ ሞልድ የሚገጥሙበት ሹል ጠርዝ ይሞታል፣ የጠርዙ ነገር ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ስፌት ሆኖ ነው የሚወጣው።

በጣም የምወደው ሲሙሌሽኑ ላይ የተቆረጠውን ከሞዴሉ ጋር ሲያወዳድር ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ የቀረ አለ፣ ቀይ ከሆነ ገብቶ በልቶታል። አሉሚኒየሙ ማሽን ላይ ሳይወጣ ነው የምታዩት፣ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ስንት እንደገባ እናንተም ታውቃላችሁ።

የሚከብደው ክፍያው ነው። ነጻው ፈቃድ ለንግድ ስራ አይደለም፣ አውቶማቲክ ቱል ቼንጅም (መቁረጫ በራሱ መቀየር) ራፒድም (ሳይቆርጥ በፍጥነት መሄድ) የለውም፣ ራፒዱ በፊድ ፍጥነት ነው የሚሄድ። የሚከፈልበት ደግሞ በዶላር ካርድ ነው፣ ለኔ ዲሲ ያለች እህቴ ናት የምትከፍልልኝ፣ እሷ ባትኖር በምን እንደምከፍል እንጃ። ፋይሉም ክላውድ ላይ ስለሚቀመጥ ኔት ሲጠፋ እንዳትቸገሩ ጂ ኮዱን (ማሽኑ የሚያነበውን ትዕዛዝ) ማታ አውጥታችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። ያ የጠርሙስ ሞልድ ለፖሊሽ ሲገባ ከለስላሳው 600 የብርጭቆ ወረቀት ነው የጀመርነው፣ በፊት ከሻካራው 220 ነበር የምንጀምረው።